ስናፕሾት ያለበት ማሽን ፖሊሲው አልቀየር አለኝ

ጠያቂ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)
ጤና ይስጥልኝ። አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ሰርቨሮቹን የምይዘው እኔ ነኝ። የምንጠቀመው ቪስፌር 7 ነው፤ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው የቪኤምዌር ሶፍትዌር። አለቃዬ የሒሳብ ማሽኑ ኢንክሪፕት ይደረግ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ይመስጠር) አሉ። ማሽኑን አጥፍቼ የስቶሬጅ ፖሊሲውን (ዲስኩ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚወስነውን ቅንብር) ወደ ኢንክሪፕሽን ስቀይር እምቢ አለ። ስፈትሽ ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ወቅት የነበረበት ሁኔታ ተይዞ የተቀመጠ) አለበት፤ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ከ8 ወር በፊት አንስቶ ትቶት ሄዷል። ዲስኩ 200 ጊጋ ድረስ የሚያድግ ቲን ነው፣ አሁን 120 ይዟል። የስናፕሾቱ ፋይል ደግሞ 140 ደርሷል። ዳታስቶሩ (የማሽኖቹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ) ላይ የቀረው 90 ነው። ስናፕሾቱን ላጥፋ ብል የ8 ወር ሒሳብ አብሮ የሚሄድ መሰለኝ። ዲሊት ላይ ደርሼ ሁለቴ ተመለስኩ።

የሳቢያን ልጅ
አቦ አትፍሪ! ሰውን የሚያስደነግጠው ስሙ ነው። ስናፕሾት ሲነሳ ዋናው ዲስክ ላይ መጻፍ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ስሙ 000001 ብሎ ወደሚጨርስ ፋይል ይሄዳል። ያ 140 ጊጋ የ8 ወሩ ሥራችሁ ነው። ዲሊት ስትይ ወደ ዋናው ዲስክ ይዋሃዳል እንጂ አይጠፋም። የሚያጠፋው ሪቨርት (ስናፕሾቱ ወደተነሳበት ቀን መመለስ) ነው፤ እሱ አጠገብ አትድረሺ። እምቢ ማለቱ ደግሞ ልክ ነው፣ ቪስፌር ስናፕሾት ያለበትን ማሽን ኢንክሪፕት አያደርግም።

የሐረሩ
እሱ ያለው ትክክል ነው፤ ግን እህቴ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ላይ ባክአፕ ያዢ፤ ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። ማሽኑን አጥፍተሽ አዋህጂው። እየሠራ ከሆነ በዚያ ሰዓት የሚጻፈውን የሚይዝ ሌላ ጊዜያዊ ፋይል ይከፍታል፣ ቦታ ይበላል። ሲዋሃድ ዋናው ዲስክ ቢበዛ 80 ጊጋ ያድጋል፣ 90 ስላለሽ ይበቃል። መብራት እንዳይጫወትብሽ ጄኔሬተሩን ቀድመሽ ፈትሺ።

የሳቢያን ልጅ
አንድ ነገር ረስተናል። ኢንክሪፕት ሲደረግ ለጊዜው የዲስኩን ያህል ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ስናፕሾቱ ሲወጣ ነፃው ወደ 150 ቢደርስ ነው፣ ዲስኩ ግን 200 ሊሆን ይችላል። አይበቃም። ሌላ ማሽን ከዚያ ዳታስቶር አውጪ።

ጠያቂ
120 ጊጋ የያዘ የሙከራ ማሽን አለ፤ እሱን አነሳዋለሁ። ቁልፉስ?

የሐረሩ
ከ7.0 አፕዴት 2 ጀምሮ ሰርቨሮቹን በምታስተዳድሪበት በቪሴንተር ውስጥ ቁልፍ የሚያቀርብ ኔቲቭ ኪ ፕሮቫይደር አለ፣ የተለየ የቁልፍ ሰርቨር አያስፈልግም። የቁልፉን ባክአፕ ግን ከሰርቨሩ ውጪ አስቀምጪ። አይበለውና ቁልፉ ከጠፋ ማሽኑ አይከፈትም።

ጠያቂ
ቅዳሜ ማታ ሁሉ ሰው ከሄደ በኋላ ማዋሃዱን ጀመርኩ። ልብ አውልቅ! 99 በመቶ ላይ ተገትሮ ቀረ። በመሃል መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዩፒኤሱ ያዘው። ልሰርዘው እጄ አሳከከኝ።

የሳቢያን ልጅ
እንኳን አልሰረዝሽው! 99 ላይ የቆመ ይመስላል እንጂ ከኋላ እየሠራ ነው። ወደፊት ግን ስናፕሾት ከ3 ቀን በላይ አታቆዩ፤ ቪኤምዌርም የሚለው 72 ሰዓት ነው።

ጠያቂ
አለቀ፣ ፖሊሲውም ተቀየረ። ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሹሟ ስትከፍተው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሐሙስ ያስገባችው ደረሰኝ ቦታው አለ። እሷ ምን እንደማይ አልገባትም።