አምቡላንስ ሪፖርት ላይ «የለም» የሚባለው እስከምን ድረስ ነው የሚጻፈው?

ጥያቄ
ሰላም የሙያ ጓደኞቼ፣ አዲስ አበባ አምቡላንስ ላይ ነው የምሰራው፣ ኢኤምቲ (የድንገተኛ ህክምና ባለሙያ) ነኝ። የምናስረክበው ፎርም ላይ ለሂስትሪ (ለታማሚው የህመም ታሪክ) ያለችው ሁለት መስመር ናት፣ ታማሚው ያለውን ጽፌባት እንኳን አትበቃም። ትሪያጅ (ሆስፒታሉ ታማሚን በክብደቱ የሚለይበት ቦታ) ስንደርስ ግን ቀድመው የሚጠይቁን የሌለውን ነው፣ «ራሱን ስቷል? አስመልሶታል?»። የሌለውን ሁሉ ልጻፍ ብል ከአናት እስከ እግር ጥፍር አያልቅም፣ ታማሚው ደግሞ እጄ ላይ ነው። እናንተ የቱን መርጣችሁ ነው የምትጽፉት?

መልስ 1 (ድንገተኛ ክፍል ነርስ)
ወንድሜ ሁሉንም አትጻፍ። ታማሚው ከነገረህ ነገር ተነስተህ የሚያስፈራህ ምንድነው እሱን አስብና የሱን ምልክት ጠይቅ፣ ከሌለ የለም በል። የ55 ዓመት ሰው ደረቴን ካለህ «ወደ ክንድና መንጋጋ አይሄድም፣ ላብ የለም፣ ትንፋሽ አላጠረውም» ይበቃል። አስፕሪን ልትሰጥ ከሆነ አለርጂ እንደሌለው፣ ደም እንዳላስመለሰው፣ ጥቁር ሰገራ እንደሌለው ጨምር። ግን የስኳር ታማሚና በእድሜ የገፉ እናቶች ላይ ተጠንቀቅ፣ ደረታቸውን ሳያማቸው ድካምና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ይዘው መጥተው ኢሲጂው (የልብ ምርመራው) ላይ ሃርት አታክ ይሆናል፣ ስለዚህ «ደረት ህመም የለም» ብለህ ጻፍ ግን አትረጋጋ።

መልስ 2
ከላይ የተባለው ላይ ሰዓት ይጨመርበት በጣም እለምናችኋለሁ!! ከሞተር የወደቀ ልጅ መጀመሪያ ደህና እያወራ ቆይቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ በኋላ የሚደክምበት አለ፣ እኛ ጋ ሲያስመልሰው መቼ ጀመረ የሚለውን የምናውቀው አንተ «10:20 ላይ አላስመለሰውም፣ አላንቀጠቀጠውም፣ ከጆሮና ከአፍንጫ ፈሳሽ የለም፣ ጂሲኤስ 15» (ሙሉ በሙሉ ንቁ ነው ማለት ነው) ብለህ ከጻፍክ ነው። ሰዓቱን በ24 አቆጣጠር ጻፉት፣ በሀበሻ ሰዓት የሚጽፉም ስላሉ 4 ሰዓት ሲባል የቱ እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ ጊዜ ይሄዳል። ራሱን አልሳተም ያለህ ማን እንደሆነም ጻፍ፣ ራሱ ልጁ ከሆነ ብዙም አታምነው፣ ራሱን የሳተ ሰው መሳቱን ላያስታውስ ይችላል፣ አብሮት የነበረውን ሰው ጠይቅ።

መልስ 3 (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)
እዚህ ሪፖርቱ በታብሌት ነው፣ አስፕሪን ካልሰጠህ ለምን እንዳልሰጠህ፣ አለርጂ ነው ወይስ እምቢ ብሎ ነው የሚለውን ትመርጣለህ። በወረቀትም ቢሆን ትልቁ ነገር ያልጠየቅከውን የለም ብለህ አለመጻፍ ነው። ሁሉም ታማሚ ላይ አንድ አይነት «ሌላ ምንም ችግር የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚገለብጡ አሉ፣ ሐኪሙ ተጠይቆ የሌለ መስሎት ሳይደግመው ያልፋል፣ ይሄ ሰው ይጎዳል። ባዶ ብትተወው ይሻላል፣ ቢያንስ ይጠይቃል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራሱን ስቶ መንገድ ላይ የተገኘና አብሮት ሰው የሌለ ከሆነስ?

መልስ 1
«ሂስትሪ ማግኘት አልተቻለም፣ ታማሚው አይናገርም፣ አብሮት ሰው የለም» በል። በእጅህና በአይንህ ያየኸውን ግን ጻፍ፦ ጭንቅላቱ ላይ ቁስል የለም፣ ምላሱን አልነከሰም፣ ሁለቱም ፒዩፒል (የአይን ብሌን) እኩል ነው፣ ስኳሩም ተለክቶ ይሄን ያህል ነው።