የታፔላው ዕቅድ፣ ረቂቅ ሁለት (አስተያየት እስከ ዓርብ)

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው። በእጅ የተሳሉ ታፔላዎችን ሳያልቁ እንሰበስባለን። የጸጉር ቤት፣ የልኳንዳ፣ የጎሚስታ፣ የልብስ ስፌት። ከፒያሳ የተረፈውን፣ ከዚያ መርካቶና ተክለ ሃይማኖት። ባለቤቱ ከሸጠልን እንገዛለን፣ እምቢ ካለ ፎቶ እናነሳለን። ሠዓሊው በሕይወት ካለ ፈልገን ድምፁን እንቀዳለን። በጀት 90 ሺህ ብር፣ ግማሹ ከኛ፣ ግማሹ ዋሽንግተን ዲሲ ካሉት ሰዎቻችን። ተቃውሞ ያለው አሁን ይናገር፣ እንደ ፖስት ካርዱ ጊዜ ካለቀ በኋላ እንዳትመጡብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናው ውስጥ ያለው 52 ሺህ ነው። 45 ከወጣ ለልቅሶ እንኳን የሚተርፈን የለም። አልቃወምም፣ ግን ደረሰኝ እፈልጋለሁ። ጸጉር አስተካካይ አሮጌ ታፔላ ሲሸጥ ደረሰኝ ይቆርጣል?

የጉለሌው፦ አይቆርጥም። ወረቀት ላይ ይፈርምልሻል፣ ጎረቤቱ ይመሰክራል።

ሠዓሊው፦ ደረሰኝ እየፈለግን ታፔላው ያልቃል። 2016 ላይ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ስንቱ ከቆርቆሮው ጋር ተጭኖ ሄደ? ከመሃላችን አንድ ሰው ፎቶ አንስቷል? አሁን ኮሪደር ያለፈበት ሁሉ ግራጫ ነው፣ የሱቁ ስም በፕላስቲክ ፊደል ተለጥፏል። የቀረው ውስጥ ለውስጥ ያለው ነው። ያንን የሠራ ሰው በጠመኔ ነድፎ፣ በክር አስምሮ፣ በዘይት ቀለም ሞልቶ፣ መጨረሻ ላይ ለፊደሉ ጥላ ይጥልለታል። ጥላው ላይ ነው እጁ የሚታወቀው። እኔ የሁለት ሰዎችን እጅ ከሩቅ እለያለሁ።

ላጋር፦ ገጽ 3 ላይ «አንበሳው ያለበት ቲሸርት» ይላል። የትኛው አንበሳ?

ሰብሳቢ፦ የብሔራዊ ቴአትሩ።

ላጋር፦ በምን ምክንያት? የላጋሩ እያለ? በ1923 ለዘውዱ በዓል የቆመ፣ ጣሊያን ነቅሎ ሮም የወሰደው፣ ዘርዓይ ደረስ እዚያ ያየው አንበሳ ነው። ይሄ ሁሉ ታሪክ ይቅር?

ሠዓሊው፦ የላጋሩን የሠራው ጋርዴ ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን አንበሳ ነው በቃ። የቴአትሩ የሞሪስ ካልካ ነው፣ በ1948 ለንጉሡ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ የተሠራ። ጋማው ድንጋይ በድንጋይ ተደርድሮ ሲታይ ግማሹ አውሬ ግማሹ ሕንፃ ይመስላል። ያልተለመደ ንድፍ ነው የምንፈልገው ብለን አይደል የተነሳነው?

ከዲሲ፦ ቲሸርቱን የምንሸጠው እኛ ነን። እዚህ ሰው የሚያውቀው የላጋሩን ነው። የቴአትሩን ለአንዱ በስልክ ባሳየው «በግ ነው?» አለኝ።

ሠዓሊው፦ በግ?

ከዲሲ፦ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ደንበኛ ነው።

የጉለሌው፦ ጎበዝ፣ ስለ ታፔላ ነበር የምናወራው።

ማክያቶ፦ የአንበሳ አውቶቡሱን አንበሳ አትሙና ገላግሉን።

ላጋር፦ ቀልድ አይደለም። ድሮም የኛ ሰፈር ሲነሳ እንዲሁ ነው የምታደርጉት። ፖስት ካርዱ ላይም ባቡር ጣቢያውን አውጥታችሁ ማዘጋጃ ቤቱን ከተታችሁ።

ሰብሳቢ፦ ጣቢያው የወጣው ፎቶው ስለደበዘዘ ነው። ሺህ ጊዜ ተነግሯል።

ላጋር፦ ፎቶውን ያነሳው ማን ነበር?

ሠዓሊው፦ ገባኝ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ቲሸርቱን ሌላ ሰው ይሣልላችሁ። የታፔላውን ፎቶም ሌላ ሰው ያንሳ።

የጉለሌው፦ ይኸው። በቲሸርት ሰው አጣን።

ሰብሳቢ፦ ቅዳሜ መርካቶ የሚሄዱትን ላጣራ። ሦስት ሰው «አለሁ» ብሎ ነበር።

ማክያቶ፦ እኔ ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱስ?

ሰብሳቢ፦ ሁለቱስ? አንብባችሁታል፣ ይታየኛል።

የጉለሌው፦ እኔ ብቻዬን ሄጄ መጣሁ። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ አንድ ልኳንዳ አለ። ታፔላው ላይ በሬው ራሱ ቢላ ይዞ ቆሟል፣ ጥርሱን አውጥቶ ይስቃል፣ ሸሚዝ ለብሷል። ሸሚዙ ቁልፍ አለው! የሳለው ሰው ሞቷል አሉኝ። ባለቤቱ ብር አልፈልግም አለ። «በምትኩ አዲስ ባነር አሠሩልኝ፣ ፎቶ ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ» ነው የሚለው። ባነር ቤት ጠየቅኩ፣ ከነብረቱ 7 ሺህ።

ገንዘብ ያዥ፦ ባነር ቤቱ ደረሰኝ አለው። ደስ ብሎኛል።

ሠዓሊው፦ በእጅ የተሳለውን እናድናለን ብለን ወጥተን ባነር ልንሰቅል ነው?

የጉለሌው፦ ተመለስክ?

ሠዓሊው፦ አልተመለስኩም። ሸሚዙ ምን ዓይነት ቀለም ነው?

የጉለሌው፦ ውሃ ሰማያዊ። ኮሌታው ቀይ።

ሠዓሊው፦ አትልቀቁት። በባነር ፋንታ እኔ በነጻ አዲስ እስልለታለሁ በሉት።

የጉለሌው፦ ብዬው ነበር። «በእጅማ አለኝ» አለኝ።

እትዬ (ነባር አባል)፦ ልጆች፣ ቆርቆሮ ስታሳድዱ ከርማችሁ የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም ሥዕል መስታወት ከእድሳቱ ወዲህ ያየ አለ? የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው፣ 150 ካሬ ሜትር። ያለፈው፣ ያለው፣ የሚመጣው ብሎ በሦስት ከፍሎታል። በ1953 ሲመረቅ አባቴ እዚያ ነበሩ። አንድ ቀን ሁላችንም አብረን ሄደን ብናየው። ፈቃዱን እኔ እጠይቃለሁ።

ከዲሲ፦ ይሄ ጥሩ ነው። ለሐምሌ የሚመጡትን እንግዶች እናስገባቸዋለን። አውቶቡስ ይኑር፣ ምሳም።

ሠዓሊው፦ እትዬ፣ መስታወቱን ማን ይነካዋል? ተመዝግቧል፣ ታድሷል፣ ዘበኛ አለው። በሬው ነው ዘበኛ የሌለው።

እትዬ (ነባር አባል)፦ በሬውንም እዩ፣ ማን ከለከላችሁ። ግን እንግዳ ልኳንዳ ደጃፍ አይጎበኝም።

ማክያቶ፦ እኔ በሬውን ነው የምፈልገው። መስታወቱን በትምህርት ቤት አይተነዋል፣ ዝም በሉ እየተባልን።

ሰብሳቢ፦ ድምፅ ይሰጥበት። አዳራሹ 11፣ ታፔላው 4። ቲሸርቱ ሁለቱም አንበሳ ይኖረዋል፣ አንዱ ፊት፣ አንዱ ጀርባ። ከዚህ በኋላ ስለ አንበሳ አልሰማም።

ገንዘብ ያዥ፦ ባለ ሁለት ገጽ ህትመት ዋጋ ይጨምራል። አዲሱ ሒሳብ፦ ቲሸርት 100 ፍሬ በ540፣ 54 ሺህ። አውቶቡስ 12 ሺህ። ምሳ 15 ሺህ። ለታፔላ የሚቀረው 9 ሺህ ነው።

ሠዓሊው፦ ርዕሱን ቀይሩት እንግዲህ። አሁንም «የታፔላው ዕቅድ» ነው የሚለው።

ሰብሳቢ፦ ለዲሲዎቹ በዚህ ስም ተልኳል፣ አይቀየርም። የጉለሌው፣ ከ9 ሺህው 7 ሺህ ወስደህ ባነሩን አሠራ፣ በሬውን ይዘህ ና። የት እንደምናስቀምጠው ግን ንገሩኝ፣ ቢሮው ግድግዳ የለውም።

ከዲሲ፦ ኤክስ ኤል 30 ይሁንልን። ትንሹን እዚህ ማንም አይገዛውም።

ላጋር፦ ከፊት የሚሆነው የላጋሩ ነው አይደል?