ከ9 ሜትር የሚጣል እንቁላል እንዳይሰበር ምን እንስራለት?

እህቱ ነኝ (ፈረንጅ አራዳ)፦ ሰላም የጅማ ልጆች፣ በናታችሁ አንድ ነገር አግዙኝ። ታናሽ ወንድሜ 8ኛ ክፍል ነው። የሳይንስ ክበባቸው ውድድር አለው፤ ጥሬ እንቁላል ከ9 ሜትር ሲሚንቶ ላይ ይጣላል፣ ያልተሰበረለት ያልፋል፣ ካለፉት ውስጥ ደግሞ በክብደት በጣም ቀላሉን የሰራ ያሸንፋል። የሚፈቀደው 30 ስትሮ፣ 1 ሜትር ፕላስተር፣ 6 ላስቲክ እና 2 ወረቀት ብቻ ነው። ፓራሹት ክልክል። እንቁላሉን ሳይጨምር ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም። ትናንት ስትሮውን ሁሉ እንቁላሉ ዙሪያ እንደ ችቦ ጥቅጥቅ አድርገን አስረን ከጎረቤት ፎቅ ለቀቅነው። ሁለት እንቁላል ሄደ። እማዬ የቀረውን ደብቃዋለች 😭 ውድድሩ ቅዳሜ ነው።

ቆጪ፦ ጭድ! ከገጠር እንቁላል የሚያመጡ እናቶች ጭድ ውስጥ አይደል እንዴ የሚደረድሩት፣ አንድም አይሰበርባቸውም።

እህቱ ነኝ፦ ጭድ አልተፈቀደም ወንድሜ፣ ዝርዝሩን እየው እስቲ።

ሲቪል 4ኛ ዓመት፦ ቢፈቀድም ጭድ ለመንገድ ንቅናቄ ነው እንጂ ለ9 ሜትር አይሆንም። እህቴ፣ ከዛ ከፍታ የተለቀቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጋዝ የረገጠ ባጃጅ በይው። ዋናው ነገር በስንት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቆመ የሚለው ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ከቆመ የክብደቱ 900 እጥፍ ይጫነዋል፣ ለ60 ግራም እንቁላል 54 ኪሎ ማለት ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ከቆመ ግን 5.4 ኪሎ ብቻ። የእናንተ ችቦ ጥቅጥቅ ስላለ የሚታጠፍበት ቦታ አጣ፣ እንቁላሉ ወዲያው ቆመ። ስለዚህ ውስጡን ባዶ አድርጊው።

እንዲህ ስሪው፦ 4 ስትሮ ካሬ አድርገሽ አያይዢ። ከየማዕዘኑ አንድ አንድ እያደረግሽ 4 ወደ ላይ፣ 4 ወደ ታች አውጥተሽ ጫፋቸውን ግጠሚ። ሁለት ፒራሚድ ቂጥ ለቂጥ የገጠሙ ይመስላል። 12 ስትሮ፣ 6 ጫፍ። ላስቲክሽም 6 ነው! ለእንቁላሉ ከወረቀት ቀበቶ ስሪለትና ከየጫፉ በላስቲክ ወጥረሽ መሃል ላይ አንጠልጥዪው። ላስቲኩ ልል ከሆነ እንቁላሉ ወርዶ ሲሚንቶውን ይስማል፣ በጣም ከተወጠረ ደግሞ ስትሮው ይጎብጣል። በእጅሽ ነቅነቅ ስታደርጊው ትንሽ ዥዋዥዌ ካለ ይበቃል።

የአጂፕ አናጢ፦ ልጁ ልክ ነው። ካሬ ብቻውን ሲገፉት ይወላገዳል፣ በር ስሰራ ሰያፍ የምመታው ለዚሁ ነው። የሦስት ማዕዘን ነገር አይወላገድም። ፕላስተሩን ግን መጋጠሚያው ላይ ብቻ አድርጊ ልጄ፣ ስትሮው ላይ ሁሉ ከጠቀለልሽው ክብደት ነው።

እህቱ ነኝ፦ እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እንቁላሉስ ይቁም ወይስ ይተኛ?

ቆጪ፦ ይቁም! በሹሉ በኩል ጠንካራ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው።

ሲቪል 4ኛ ዓመት፦ እኔም እንደዛ ነበር የማውቀው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን ጉዳዩን ፈትሸው በ2025 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ እንቁላሎችን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር እየጣሉ ሲያዩ በጎናቸው የተኙት በጣም ባነሰ ሁኔታ ተሰነጠቁ። ጎኑ ትንሽ ስለሚለመጥ ምቱን ይውጠዋል። አስተኚው።

ቆጪ፦ እሺ ተሸነፍኩ 😂 ግን አንድ ምክር አለኝ፦ ለሙከራ መጀመሪያ ድንች ጣዪ። እንቁላሉን ስትሞክሪ ደግሞ በስስ ፌስታል ጠቅልዪው፣ ቢሰበርም ለቁርስ ይሆናል።

እህቱ ነኝ (ሐሙስ ማታ)፦ ሰራነው! ድንቹ ሁለቴ አለፈ። ከዛ እማዬን ለምነን ሦስተኛውን እንቁላል ወሰድን፣ ወንድሜ ከላይ ለቀቀው፣ አንዴ ነጥሮ በጎኑ ተኛ። ከታች በኩል አንድ ስትሮ ታጥፏል፣ እንቁላሉ ግን ጭረት የለውም። ወርቅ ቤት ወስደን አስመዘንነው፣ ያለ እንቁላሉ 17 ግራም። ባለ ወርቅ ቤቱ ሲያየው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብሎ ሳቀብን። የታጠፈውን ስትሮ ነገ እንቀይራለን። እንቁላሉን እማዬ መልሳ ወስዳዋለች።