የዶሮዎቼ እንቁላል ቅርፊት ለምን ሳሳ?

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በግቢዬ የማረባቸው ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች ሰሞኑን ቅርፊቱ የሳሳ፣ አንዳንዴም በስስ ሽፋን ብቻ የተጠቀለለና ሲጫኑት ስርጉድ የሚል እንቁላል ይጥላሉ፤ የተሰበረውንም ተሻምተው መብላት ጀምረዋል። የሚመገቡት ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ያለው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ሲሆን፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይም ለብቻው ይቀርብላቸዋል። የሚያስነጥስ ወይም የሚያነክስ ዶሮ አላየሁም። ሆኖም ቀትር ላይ የቆርቆሮ ቤታቸው ስለሚግል ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ፣ መኖም ይተዋሉ። ሙቀት ቅርፊት እንደሚያሳሳ ባውቅም፣ ኢንፌክሽየስ ብሮንካይተስ የተባለው የዶሮ መተንፈሻ አካል በሽታም ይህንኑ ስለሚያመጣ በጣም ተጨንቄአለሁ። ሁለቱን በምን ልለያቸው? እንቁላል መብላቱንስ ምንቃራቸውን ሳላስቆርጥ እንዴት ላስተዋቸው? ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።