የእርሳስ ቧንቧ፦ የውጪውን ብቻ ልቀይር ወይስ ሙሉውን?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው መስመር እርሳስ ነው፤ ግራጫ ነው፣ ሲፋቅ እንደ ብር ያብረቀርቃል፣ ማግኔት አይዘውም። ርዝመቱ 14 ሜትር ያህል ሲሆን የመጨረሻው 4 ሜትር በሲሚንቶ ወለል ሥር ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገላቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ነው። ወለሉን ሳልሰብር የውጪውን 10 ሜትር ብቻ በፕላስቲክ ብቀይር ይበቃል? ቱቦውስ ስንት ሚሊ ይሁን?

መልስ 1
አይበቃም። እርሳሱ ሲቆረጥና ሲነቃነቅ ለዓመታት ውስጡ የተጋገረው ቅርፊት ይፈረፈራል፤ ውሃው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከበፊቱ የባሰ እርሳስ ሊይዝ ይችላል። ቀሪው እርሳስ በቀጥታ ከመዳብ ጋር ከተገናኘማ መበላቱ ይፋጠናል።

ደግሞ ወለሉን መስበር ግድ አይደለም። አዲሱን ቱቦ በቤቱ ዙሪያ በውጭ አዙረው ለኩሽናው በሚቀርበው ግድግዳ ያስገቡት። አሮጌው ሁለቱም ጫፉ ተቆርጦ ይደፈንና እዚያው ይቅር።

ለአንድ ቤት 25 ሚሊ ኤችዲፒኢ (ጠንካራ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ) ይበቃል፤ መስመሩ ረጅም ከሆነ ወይም ፎቅ ካለ 32 ይሻላል። ከጥቅል ሳይቆረጥ አንድ ወጥ ሆኖ ይዘርጋ፤ መሬት ውስጥ መገጣጠሚያ አይቅበሩ። ቦዩ 75 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ ከቱቦው በታችም በላይም 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይሁን፣ ድንጋይ አይንካው። በግድግዳው ሲያልፍ ሰፋ ባለ ሌላ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

መልስ 2
ከመቁረጥ በፊት ኤሌክትሪሻን ይጥሩ! በብዙ አሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪክ መሬት መስመር (ግራውንዲንግ) የታሰረው ከዚሁ የውሃ ቧንቧ ጋር ነው። ፕላስቲክ ሲገባ ቤቱ ያለ ግራውንድ ይቀራል፤ ከዚያም በላይ በቧንቧው ላይ ኤሌክትሪክ እያለፈ ከነበረ የሚቆርጠውን ሰው ሊገድል ይችላል። የግራውንድ ዘንግ አስቀድሞ ይተከል።

ገላቫናይዝዱንም አይርሱት። ከእርሳስ ቧንቧ ጋር ተቀጥሎ የቆየ ገላቫናይዝድ በዝገቱ ውስጥ እርሳስ ያከማቻል፤ እርሳሱ ከወጣ በኋላም ቀስ በቀስ ይለቀዋል። አቅም ካለ አብሮ ይቀየር።

መልስ 3
የኮምፕሬሽን ፊቲንግ (የፕላስቲክ ቱቦ ጫፍ ገብቶ የሚጠብቅበት መገጣጠሚያ) የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ቱቦው የውስጥ ጎሚኒውን አልፎ ስላልገባ ነው። ቱቦውን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ ጠርዙን ይላጩ፣ የሚገባበትን ጥልቀት አስቀድመው ምልክት ያድርጉ። ቴፍሎን የሚጠቀለለው ጥርስ ላይ ብቻ ነው። አፈር ከመመለሱ በፊት ውሃ ለቀው ለጥቂት ሰዓታት ይጠብቁ።

እርሳሱን በመጋዝም በእሳትም አይቁረጡ፤ አቧራውም ጭሱም መርዝ ነው። የቧንቧ መቁረጫና ጓንት ይጠቀሙ፣ ከሥራው በኋላም እጅዎን በደንብ ይታጠቡ።

ሲያልቅ የሁሉንም ቧንቧ አፍ ወንፊት ፈትተው ቀዝቃዛውን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በሙሉ ኃይል ያፍስሱ። ወንፊቱን ለቀጣዮቹ ስድስት ወራት በየወሩ ያጽዱ፤ ፍርፋሪው እዚያ ይጠራቀማል።

እስከዚያው ግን ውሃውን ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን እርሳሱ ይቀራል፣ መጠኑም ይጨምራል። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች እርሳስ እንደሚያስቀር የተረጋገጠ ማጣሪያ ወይም ሌላ ውሃ ያስፈልጋል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ከቆጣሪው በፊት ያለውም እርሳስ ቢሆንስ?

መልስ 1
ያ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የውሃ አቅራቢው ስለሆነ አይንኩት። አስቀድመው ያመልክቱና ሁለቱም በአንድ ቀን እንዲቀየሩ ይስማሙ፤ አለዚያ ግማሽ ቅየራ ይሆናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነካ ያደረ ውሃ ከመጀመሪያው ፍሳሽ ቀድተው ያስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ያነሰ ሲሆን ግን ይሻላል።