ቦሌን ያጨናነቀው ቦታ ነው ወይስ ሰዓት?

የጠዋት ፈረቃ፦ የቢሾፍቱ ኤርፖርት በጥር 2018 የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጧል። 12.5 ቢሊዮን ዶላር፣ አራት መንደርደሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ያልቃል ተብሏል። እስከዚያ ያለን ቦሌ ነው። ለመሆኑ ቦሌን የሚያስጨንቀው የቦታ ጥበት ነው ወይስ በረራው ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት መታጨቁ? እኔ መታጨቁ ነው ባይ ነኝ።

ሳሪስ፦ ወንድሜ፣ ታጨቀ የምትለው እኮ ሥራው ራሱ ነው። ጠዋት ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከገልፍ የገባው ሰው ቶሎ ወደ ኢንቴቤና ጆሃንስበርግ ካልተሳፈረ ምኑን ትራንዚት ሆነ? ስድስት ሰዓት አስቀምጠውና በዶሃ በኩል ሲሄድ ታየዋለህ።

የጠዋት ፈረቃ፦ ማን ስድስት ሰዓት አለ? ትንሽ ይራራቅ ነው ያልኩት። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን 40 ደቂቃ ዘገየ እንበል። ውስጡ ያለው ሰው ወደ ብዙ ከተማ የሚበተን ነው። የናይሮቢው በረራ ከጠበቀው እሱም ይዘገያል፣ ሲመለስም ዘግይቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ማታ ወደ አውሮፓና እስያ የሚነሱት ደግሞ እሱን ሲጠብቁ ያመሻሉ። ካልጠበቀው ሰውየው ቀረ። ሰውየው ቢደርስ እንኳ ሻንጣው ላይደርስ ይችላል።

ከለንደን፦ የለንደኑን ጋትዊክ ኤርፖርት እዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአንድ መንደርደሪያ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው አስተናግዷል። ቦሌ ሁለት አለው። ሌላው የለንደን ኤርፖርት ሂትሮው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሚያርፉ አውሮፕላኖች መካከል ያለውን ክፍተት በርቀት ሳይሆን በጊዜ ነው የሚለካው። የፊት ነፋስ ሲበረታ አውሮፕላኑ ይዘገያል፣ ርቀቱን ሳትነካ ከተውከው በሰዓት የሚያርፈው ያንሳል። ይሄ ሲሚንቶ አልፈጀም።

ሳሪስ፦ እህቴ፣ ጋትዊክ የባሕር ወለል አጠገብ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው መንገድ ላይ ነዳጅ የሚቀዳው ለምን መሰለሽ? ቢሾፍቱ ዝቅ ይላል። ይሄን በፕሮግራም አታስተካክይውም።

ከለንደን፦ እሱ የጭነት ጉዳይ ነው፣ እኛ የምናወራው ስለ ወረፋ። ደግሞ ጋትዊክ የሚሳካለት በረራውን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያዳርሰው ነው። የጠዋት ፈረቃ ያለውም ይሄንኑ ነው።

አዳማ መንገድ፦ እናንተ ሰማዩን ይዛችሁታል። መሬቱንስ? ቢሾፍቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአገር ውስጥ በረራ ቦሌ ይቀራል ከተባለ፣ ከባሕር ዳር መጥታ ጂዳ የምትሄድ ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ከአንዱ ኤርፖርት ወደ ሌላው ልትሄድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ባቡር ቀድሞ ካልደረሰ መዘግየቱ ከሰማይ ወርዶ ቃሊቲ ላይ ይቆማል።

የጠዋት ፈረቃ፦ በባቡሩ እስማማለሁ። ለቦሌ ግን አሁኑኑ የሚሠራ አለ። በረራው የደረሰበት መንገደኛ ፍተሻ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው። ከአራት ሰዓት በኋላ የሚበር ሰው ከፊቱ ምን ያደርጋል? ፕሮግራሙ ካልተነካ ደግሞ ቢሾፍቱም አራት መንደርደሪያ ይዞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጨናነቃል።

ሳሪስ፦ አራት የሆነው እኮ ሁለት ሰዓት ላይ አብረው እንዲነሱ ነው!