የደንና የሰው ጤና ጥናት፦ በተማሪ የምርምር ድጋፍ 6 መንደር ወይስ 12?

ሰላም ለሁላችሁ። የማገዶ ለቀማ በደን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና የቤት ውስጥ ጭስን በአንድ ጥናት አገናኝተን የተማሪዎች የምርምር ድጋፍ ልንጠይቅ ነው። የቸገረን የናሙናው ጉዳይ ነው።

አሁን ያለው ዕቅድ 6 መንደር፣ ከየመንደሩ 20 ቤተሰብ ነው። በየመንደሩ ደን 20 በ20 ሜትር የሆኑ 5 ቦታዎች ይከለላሉ። የዛፎቹ ዲያሜትር ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል፤ በመጥረቢያ የተቆረጡ ጉቶዎችም ትኩስና አሮጌ ተብለው ይቆጠራሉ። በየቤቱ መጠይቅ ይሞላል፣ የጭስ ብናኝ መለኪያም ምድጃው አጠገብ 24 ሰዓት ይቀመጣል።

የአንድ መንደር ሰዎች ከአንድ ደን ስለሚለቅሙ ውጤታቸው ይመሳሰላል። ተዛምዶው (የአንድ መንደር ቤተሰቦች የሚመሳሰሉበት መጠን) 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ መመሳሰሉ ናሙናውን ስንት እጥፍ እንደሚያሳንሰው የሚያሳየው ማባዣ 1 + (20 − 1) × 0.05 = 1.95 ይመጣል፤ ስለዚህ 120 ቤተሰብ የሚሰጠን መረጃ 120 ÷ 1.95፣ ማለትም እርስ በርስ የማይመሳሰሉ 62 ቤተሰቦች የሚሰጡትን ያህል ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ደኑን ከጤናው የምናገናኝበት በየመንደሩ አንድ፣ በድምሩ 6 የመረጃ ነጥብ ብቻ መሆኑ ነው። በ12 መንደር 10፣ 10 ቤተሰብ ብናደርግ ማባዣው ወደ 1.45 ይወርዳል፤ 83 ያህል ይሆናል። በዚያው ልክ የትራንስፖርትና የደን ልኬት ወጪው እጥፍ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ማመልከቻ የገመገማችሁ ወይም ድጋፍ ያገኛችሁ፣ እባካችሁ እርዱን፦ በየደኑ የሚለካውን ከ5 ወደ 3 ቦታ ዝቅ አድርጎ መንደር መጨመር ያስኬዳል? የሥነ ምግባር ፈቃዱስ ገንዘቡ ሳይፈቀድ መጠየቅ አለበት ወይስ በኋላ ይደርሳል? በክረምት ሁሉም ቤት ውስጥ ስለሚያበስል ወቅቱ ካለፈን የጭሱ ልኬት ይዛባል።